የአንድ ሞዴል መኪና፣ የተለያየ ሞተር፦ አነጻጽሮ የመምረጫ መመሪያ

የሚገዙትን ሞዴል መርጠዋል። የዋጋ ዝርዝሩን ሲገልጡ ግን ያው መኪና በሦስት ወይም በአራት ሞተር ተደርድሮ ይጠብቅዎታል፤ 2.0 ቤንዚን፣ 1.6 ቱርቦ፣ 2.0 ናፍጣ፣ ሃይብሪድ። አካሉ አንድ፣ ወንበሩ አንድ፣ ዋጋው ግን የተራራቀ ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ገዢ ወይ ሲሲውን አይቶ፣ ወይ ዘመድ የመከረውን ሰምቶ ይወስናል።

ሲሲ የሲሊንደሮቹ ይዘት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ብዙም አይናገርም። የዘመድ ምክርም በዘመድዎ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። "የቱ ሞተር ይሻላል?" ተብሎ በደፈናው ለሚጠየቅ ጥያቄ መልስ የለውም። "እኔ በምሄድበት መንገድ፣ በምነዳበት የሞተር ዙር፣ በዓመት በምሸፍነው ኪሎ ሜትር የቱ ይሻላል?" ከተባለ ግን መልሱ በአንድ ወረቀትና በስልክ ካልኩሌተር ይወጣል። የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይሂዱባቸው።

ደረጃ 1፦ ከሞተሩ በፊት ስለ ራስዎ ይጻፉ

አራት ነገር ወረቀት ላይ ያስፍሩ። በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ይነዳሉ? ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ከተማ፣ ምን ያህሉ ረጅም መንገድ ነው? አንድ ጉዞዎ አብዛኛውን ጊዜ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መኪናው ስንት ሰውና ምን ያህል ዕቃ ይጭናል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ናፍጣ ለሚያስብ ሰው ግን ከአራቱም የሚከብደው እሱ ነው፤ ምክንያቱ ደረጃ 8 ላይ ይመጣል። የዓመቱን ኪሎ ሜትር ደግሞ በግምት አይጻፉት። አሁን የያዙት መኪና ካለ፣ ከሁለት የሰርቪስ ደረሰኞች ላይ የኪሎ ሜትር ንባቡን አውጥተው ይቀንሱ፤ በመካከል ባለፉት ወራት ያካፍሉና በ12 ያባዙት።

ደረጃ 2፦ የሞተሩን ማንነት በኮዱ ይለዩ

"1.6 ነው" ማለት ምንም ማለት አይደለም። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን የሃዩንዳይ ተክሰን ሦስተኛ ትውልድ እንውሰድ። ያ መኪና 1.6 ጂዲአይ በሚባል 132 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተርም፣ 1.6 ቲ-ጂዲአይ በሚባል 177 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተርም ተሽጧል። ሁለቱም 1.6 ናቸው፤ አንዱ ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ አለው፣ ሌላው የለውም። ዋጋቸውም፣ ጥገናቸውም፣ የሚመጡበት ካምቢዮም (የማርሽ ሳጥን) ይለያያል።

ፊደሎቹን ማንበብ ይልመዱ። ኤምፒአይ ሲባል ነዳጁ ከቫልቩ በስተጀርባ፣ አየር በሚገባበት ቱቦ ውስጥ ይረጫል፤ ግፊቱ ከ3 እስከ 4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ስለሆነ ፖምፓውና ኢንጀክተሩ ቀላልና ርካሽ ናቸው። ጂዲአይ ሲባል ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይረጫል፤ ለዚህ ከ100 ባር በላይ ግፊት ያስፈልጋል፣ በአዳዲሶቹ ላይ እስከ 350 ባር ይደርሳል። ሲአርዲአይ ወይም ዲ-4ዲ የኮመን ሬል ናፍጣ ናቸው፤ ማለትም ናፍጣው በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ተይዞ ለኢንጀክተሮቹ ይታደላል፤ ግፊታቸው ከ1,500 ባር አልፎ በብዙዎቹ ላይ 2,000 ይሻገራል። ይህን የግፊት ቁጥር በአእምሮዎ ይያዙት፤ ፖምፓና ኢንጀክተር የሚቀየርበት ቀን ሲመጣ ሂሳቡ ከእሱ ጋር ይወጣል።

በቶዮታ ኮዶች ውስጥ ከሰረዙ በኋላ ያሉት ፊደሎች ብዙ ይናገራሉ። የሃይሉክስ 2.7 ቤንዚን 2ቲአር-ኤፍኢ ይባላል። 2.8 ናፍጣው 1ጂዲ-ኤፍቲቪ ነው፤ "ቲ" ቱርቦውን፣ "ቪ" የኮመን ሬል ናፍጣነቱን ያሳያል። 2ዜድአር-ኤፍኤክስኢ ላይ ያለው "ኤክስ" ደግሞ ለሃይብሪድ ተብሎ ነዳጅ ቆጣቢ በሆነው በአትኪንሰን ዑደት እንዲሠራ የተዘጋጀ ሞተር መሆኑን ይጠቁማል።

"ሃይብሪድ"፣ ማለትም የነዳጅና የኤሌክትሪክ ሞተር ጥምር፣ የሚለውን ቃልም ዝም ብለው አይቀበሉት። ባለ 48 ቮልት ማይልድ ሃይብሪድ በአብዛኛው ሞተሩን በማስነሳትና ጥቂት በማገዝ ይወሰናል፤ ብቻውን መኪናውን ይዞ አይሄድም፣ የነዳጅ ቁጠባውም ትንሽ ነው። ሙሉ ሃይብሪድ በዝግታ ሲሄድ ሞተሩን አጥፍቶ በኤሌክትሪክ ይነዳል። ፕለግ-ኢን የሚባለው ከግድግዳ ሶኬት ይሞላል፤ በየማታው የማይሰካ ከሆነ ግን ከባድ ባትሪ ተሸክሞ የሚዞር የቤንዚን መኪና ይሆናል። ሻጩ "ያው ሃይብሪድ ነው" ካለዎት የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ያሳይዎ።

ደረጃ 3፦ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ የሚለወጠውን ሁሉ ይዘርዝሩ

አምራቾች ሞተር ሲቀይሩ ሞተር ብቻ አይቀይሩም። በዚያው ተክሰን ላይ 2.0 ኤምፒአዩ ከተለመደው ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ጋር ሲመጣ፣ 1.6 ቱርቦው ባለ 7 ማርሽ ድርብ ፍሪሲዮን ካምቢዮ ተገጥሞለታል። ድርብ ፍሪሲዮኑ ማርሽ ሲቀይር ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ዘይት የሌለበት ደረቅ ዓይነት ከሆነ፣ በተጨናነቀ ዳገት ላይ ጥቂት እየተሳበ ጥቂት እየቆመ ሲውል ፍሪሲዮኑ ይሞቃል። ስለዚህ ገዢው "ሞተር አወዳደርኩ" ሲል ግማሹ ንጽጽር የካምቢዮ ነው። ለየብቻ ይጻፉት።

ቀጥሎ ክብደት። ናፍጣ ሞተር ከፍተኛ ግፊት ስለሚችል ጠንከር ተደርጎ ይሠራል፣ ይከብዳልም። ክብደቱም የፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል። በቴክኒካል ሰንጠረዡ ላይ የባዶ ክብደቱንና የተፈቀደውን ጠቅላላ ክብደት ያግኙና ይቀንሱ፤ የሚቀረው የሚጭኑት ነው። በአንድ ሞዴል ውስጥ እንኳ ይህ ቁጥር ከሞተር ሞተር ይለያያል። ተጎታች የሚስቡ ከሆነ የመሳብ አቅሙንም ይዩ፤ አንዳንድ ሃይብሪዶች ላይ ከናፍጣው እጅግ ያነሰ ነው። ለባትሪው ቦታ ሲባል የሻንጣው ክፍል፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ወይም ትርፍ ጎማው ተቀንሶ እንደሆነም ኋላውን ከፍተው በዓይንዎ ይመልከቱ።

ደረጃ 4፦ ጉልበቱን በሚነዱበት ዙር ያስሉ

የመመሪያው እምብርት እዚህ ነው፤ ትንሽ እንቆይበት።

በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ሞተሩ በአንድ ከፍተኛ ዙር ላይ ብቻ የሚሰጠው ነው። በቤንዚን ሞተሮች ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ5,500 እስከ 6,500 ዙር ላይ። ወደዚያ ዙር በሳምንት ስንት ጊዜ ይወጣሉ? የተለመደው አነዳድ ከ1,500 እስከ 3,000 ባለው ውስጥ ያልቃል። መወዳደር ያለበትም እዚያ የሚገኘው ጉልበት ነው። ለዚህ የሚረዳን ቶርክ፣ ማለትም ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የሚጠመዘዝበት ኃይል ነው፤ በኒውተን ሜትር ይጻፋል። ሂሳቡ ይህ ነው፦

የፈረስ ጉልበት = ቶርክ × ዙር በደቂቃ ÷ 7,000

አካፋዩ በትክክል 7,024 ነው፤ ለእኛ ሥራ ግን 7,000 ይበቃል።

አሁን የተክሰኑን ሦስት ሞተሮች በ2,000 ዙር እንያቸው። 2.0 ቤንዚኑ 155 የፈረስ ጉልበትና 192 ኒውተን ሜትር አለው፤ 192ቱን የሚሰጠው ግን በ4,000 ዙር ነው። በ2,000 ዙር ሙሉውን 192 ቢሰጥ እንኳ (አይሰጥም) ከ55 የፈረስ ጉልበት አያልፍም። 1.6 ቱርቦው 265 ኒውተን ሜትሩን ከ1,500 እስከ 4,500 ዙር ድረስ ሳይቀንስ ይይዛል፤ በ2,000 ዙር ሲሰላ 76 የፈረስ ጉልበት ይሆናል። 185 የፈረስ ጉልበት ያለው 2.0 ናፍጣ ደግሞ 400 ኒውተን ሜትሩን ከ1,750 ጀምሮ ስለሚሰጥ 114 ይደርሳል። በማስታወቂያው 155፣ 177 እና 185 ተብለው የተቀራረቡ የሚመስሉ ሞተሮች፣ እርስዎ በሚነዱበት ዙር አንዱ የሌላውን እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ሆኖም ሂሳቡን እዚህ ላይ ካቆምነው ናፍጣውን ከሚገባው በላይ እናነግሠዋለን። የናፍጣ ሞተር ከ4,500 ዙር በላይ እምብዛም አይወጣም፤ ስለዚህ ማርሾቹ ረዘም ተደርገው ይሰጡታል። በተመሳሳይ ፍጥነት ቤንዚኑ በ2,500 ሲዞር ናፍጣው በ1,800 ሊዞር ይችላል። ማነጻጸር ያለብዎ በእኩል ዙር ሳይሆን በእኩል ፍጥነት ነው። መኪናዎቹን ሲሞክሩ በመጨረሻው ማርሽ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ እያንዳንዱ ሞተር ስንት ዙር እንደሚያሳይ ይጻፉ፤ ያንን ዙር በቀመሩ ውስጥ ያስገቡ። ልዩነቱ ጠበብ ይላል፣ ግን አይጠፋም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የቱርቦው ከፍተኛ ቶርክ የሚጀምርበት ዙር ወሳኝ ነው፤ ከዚያ በታች ትንሹ ሞተር ያለ ቱርቦ እንዳለ ያህል ነው። አምስት ሰው ጭኖ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ከቆመበት ሲነሳ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። የሃይብሪድን ጉልበት ደግሞ ሞተሩንና ኤሌክትሪክ ሞተሩን ደምረው አይውሰዱ። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የቀረበው የቶዮታ ኮሮላ 1.8 ሃይብሪድ የቤንዚን ሞተሩ 98፣ የኤሌክትሪኩ 72 የፈረስ ጉልበት ሲሆን አንድ ላይ የሚሰጡት 122 ነው። ሁለቱ ከፍተኛ ጉልበታቸውን በአንድ ጊዜ አይሰጡም፤ ባትሪውም ያን ያህል አያቀብልም።

ደረጃ 5፦ የሚነዱበትን ከፍታ ያስገቡ

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ከባሕር ጠለል በ2,000 ሜትር ላይ 155 የተባለው ወደ 125 ይወርዳል ማለት ነው። ቱርቦው የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ያካክሳል። በሃይብሪድ ውስጥ የቤንዚኑ ክፍል ያጣል፤ የኤሌክትሪኩ አየር ስለማይፈልግ አያጣም። በሜዳ አገር የሚነዳ ሰው ይህን ደረጃ ሊዘለው ይችላል። በተራራማ አገር ላለ ሰው ግን ቱርቦ ያለው ሞተር ያለ ቱርቦ ከሚመጣው ጋር በእኩል ዓይን መታየት የሌለበት ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ የነዳጅ ፍጆታውን ወደ አንድ መለኪያ ያምጡ

ሁሉንም "ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር" ያድርጉት። "በሊትር 12 ኪሎ ሜትር" ከተባሉ 100ን በ12 ያካፍሉ፤ 8.3 ይመጣል። በአንድ የአሜሪካ ጋሎን ስንት ማይል እንደሚሄድ ከተጻፈ 235ን በቁጥሩ ያካፍሉ፤ በእንግሊዝ ጋሎን ከሆነ 282ን። ኪሎ ሜትር በሊትር የሚለው አነጋገር ለጨዋታ ይመቻል፣ ለንጽጽር ግን ያሳስታል። ከ8 ወደ 10 ማደግ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 2.5 ሊትር ያተርፋል፤ ከ16 ወደ 20 ማደግ የሚያተርፈው 1.25 ብቻ ነው፤ ምንም እንኳ ጭማሪው በጆሮ ሲሰማ እጥፍ ቢመስልም።

ቀጥሎ ቁጥሩ በየትኛው ፈተና እንደተለካ ይጠይቁ። በአውሮፓ ኤንኢዲሲ የሚባለው የድሮው ፈተና ቁጥሩን ከእውነታው አሳንሶ ያሳይ ነበር፤ ከመስከረም 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ በአብዛኛው ለሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ሁሉ ደብሊውኤልቲፒ ተተክቶበታል። የአንዱን ሞተር በአሮጌው፣ የሌላውን በአዲሱ ይዘው ካነጻጸሩ ሥራዎ ሁሉ ከንቱ ነው።

የከተማውንና የረጅም መንገዱን ቁጥር ለየብቻ ይያዙና በደረጃ 1 በጻፉት ድርሻ ያደባልቋቸው። ሃይብሪድ ትርፉን የሚያገኘው ፍሬን በሚበዛበት ከተማ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ የሚባክነውን ኃይል ወደ ባትሪ ስለሚመልስ። ለሰዓታት በ110 በሚነዳበት መንገድ ብልጫው ይሟሽሻል። ናፍጣ በተቃራኒው ረጅም መንገድ ላይ ይደላዋል። ትንሽ ቱርቦ ቤንዚን ቀስ ብሎ ለሚነዳው ቆጣቢ ነው፤ ሁልጊዜ ተጭኖና ተረግጦ ከተነዳ ግን ትልቁን ያለ ቱርቦ ሞተር ያህል ሲጠጣ ይገኛል።

በነገራችን ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ኃይል አለው። ናፍጣው "በሊትር ሩቅ ሄደ" ሲባል ከፊሉ ምስጋና የነዳጁ ነው።

ደረጃ 7፦ የዋጋውን ልዩነት ወደ ሊትር ይቀይሩት

ብዙ ሰው የሞተሮቹን ዋጋ በገንዘብ፣ ፍጆታቸውን በሊትር ይዞ መሐል ላይ ይጠፋበታል። ሁሉንም ሊትር ካደረጉት ሂሳቡ ይቀላል፣ የነዳጅ ዋጋ ሲለዋወጥም ለማስተካከል አይከብድም።

ናፍጣው ከቤንዚኑ የሚበልጥበትን ዋጋ ለአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ያካፍሉ። 1,600 ሊትር መጣ እንበል። ቤንዚኑ በ100 ኪሎ ሜትር 8.5፣ ናፍጣው 6.5 ይፈጃል ብለን እንውሰድ። ሁለቱ ነዳጆች ዋጋቸው እኩል ከሆነ ናፍጣው በየ100 ኪሎ ሜትሩ 2 ሊትር ያተርፋል፤ 1,600 ሊትሩን ለመመለስ 80,000 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል።

ዋጋቸው እኩል ካልሆነ የናፍጣውን ፍጆታ በዋጋው ድርሻ ያባዙ። ናፍጣ በ10 በመቶ ከረከሰ 6.5 × 0.9 = 5.85 ይሆናል፤ ትርፉ ወደ 2.65 ያድጋል፣ መንገዱም ወደ 60,000 ያጥራል። በ10 በመቶ ከተወደደ ግን 6.5 × 1.1 = 7.15 ነው፤ ትርፉ 1.35 ብቻ ይሆንና መንገዱ 118,000 ያልፋል። በነዳጅ ዋጋ ላይ ያለ ትንሽ ለውጥ ውሳኔውን እንዴት እንደሚገለብጠው ልብ ይበሉ።

የጥገናውን ብልጫም በዚሁ መልክ ያስገቡት። የናፍጣው ሰርቪስ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የ40 ሊትር ዋጋ ያህል የሚበልጥ ከሆነ፣ ያ በ100 ኪሎ ሜትር 0.4 ሊትር ነው፤ ከትርፉ ላይ ይቀነስ። 2.65 ወደ 2.25 ይወርዳል፣ መመለሻው ወደ 71,000 ይሄዳል። አሁን ወደ ደረጃ 1 ይመለሱ። በዓመት 12,000 የሚነዳ ሰው ወደ ስድስት ዓመት ይጠብቃል፤ 30,000 የሚነዳው በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ይጨርሳል። ያው መኪና፣ ያው ሞተር፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ።

ሲሸጥ የሚመለሰውስ? የዋጋው ልዩነት ግማሹ በሽያጭ ጊዜ ይመለሳል ከተባለ መመለሻው ወደ 36,000 ይወርዳል። እኔ ይህን መስመር የማስገባው መኪናውን በሦስት በአራት ዓመት ለመሸጥ ለቆረጠ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለሚያቆየው ግምቱ እጅግ ስለሚላላ ባይታሰብ ይሻላል። ለሃይብሪድና ለቱርቦም ሂሳቡ ይኸው ነው፤ ነዳጁ አንድ ዓይነት ስለሆነ እንዲያውም ይቀላል።

ደረጃ 8፦ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ የሚመጣውን ይጠይቁ

አዲስ ሞተር ሁሉ ጥሩ ነው። ለመካኒክ የሚቀርበው ጥያቄ "ጥሩ ነው ወይ?" ከሆነ መልሱ "ጥሩ ነው" ይሆናል። ይልቅ "ይህ ሞተር ሲያረጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ክፍሉስ ይገኛል?" ይበሉት።

ቱርቦ የሌለው ኤምፒአይ ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ዘይት። ነዳጁ የመግቢያ ቫልቮቹን እያጠበ ስለሚያልፍ ካርቦን አይጋገርባቸውም። ጂዲአይ ላይ ነዳጁ ቫልቩን አይነካም፤ በጊዜ ብዛት ጥቁር ካርቦን ይጋገራል፣ ሚኒሞው (መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ይንቀጠቀጣል፣ ማኒፎልዱ (የአየር ማስገቢያው ቱቦ) ተፈቶ መጠረግ ይመጣል። አንዳንድ አምራቾች ሁለቱንም ዓይነት ኢንጀክተር በአንድ ሞተር ላይ የሚገጥሙት ይህን ለማስቀረት ጭምር ነው። ቱርቦ ሲጨመር ደግሞ ዘይት በሰዓቱ መቀየር የግድ ይሆናል፤ የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 በላይ የሚዞረው በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው።

የታይሚንጉን፣ ማለትም የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማውን ክፍል ጉዳይ ለሁሉም ሞተር ይጠይቁ፦ ቺንጋ ነው ካቴና? ቺንጋ ከሆነ በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል? በብዙ ሞተሮች ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለጥገና ይወርዳል። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ በሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚዞር ቺንጋ። የፎርድ 1.0 ኢኮቡስትና የፔዦ 1.2 ፒውርቴክ ቀደምት ስሪቶች እንዲህ ናቸው። በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ የተሳሳተ ዘይት መጨመር ወይም ዘይቱን ማቆየት ቺንጋውን ይበላዋል፤ የተበላውም ፍርፋሪ የዘይት ፖምፓውን ማጥለያ ይደፍናል። ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ የዘይት መቀየሪያ ታሪኩን ሳያዩ አይሂዱ።

አሁን ናፍጣ። የዛሬ ናፍጣ የጭስ ማውጫው ላይ ዲፒኤፍ የሚባል የጥላሸት ማጣሪያ አለው። ማጣሪያው ሲሞላ ሞተሩ ተጨማሪ ነዳጅ ረጭቶ ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ ያደርስና ጥላሸቱን ያቃጥላል። ይህ እንዲሆን መኪናው ሩብ ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። የእርስዎ ጉዞ አሥር ደቂቃ ብቻ ከሆነ ማቃጠሉ በጀመረ ቁጥር ሞተሩ ይጠፋል፤ ማጣሪያው ይደፈናል፣ ያልተቃጠለው ናፍጣም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። በደረጃ 1 ሦስተኛውን ጥያቄ ያጠበቅኩት ለዚህ ነበር። አሥር ደቂቃ ለሚነዳ ሰው፣ የደረጃ 7 ሂሳብ ምንም ይበል ምን፣ ዲፒኤፍ ያለው ናፍጣ አይሆንም። ማጣሪያው የሚፈልገው ሰልፈሩ እጅግ ዝቅተኛ የሆነ ናፍጣ መሆኑንም አይርሱ፤ በአውሮፓ ደረጃ ገደቡ በሚሊዮን 10 እጅ ነው። አድብሉ የሚባለውን፣ ጭሱን ለማጽዳት የሚጨመረውን በውኃ የሟሟ ዩሪያ የሚፈልግ ከሆነም በሚነዱበት አካባቢ መገኘቱን ቀድመው ያጣሩ።

ሃይብሪድ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። የቶዮታው ዓይነት ሞተሪኖ የለውም፣ ዲናሞ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፤ የሌለ ነገር አይበላሽም። የፍሬን ሸራውም ረጅም ዕድሜ አለው። የሚጠይቀው የባትሪ ማቀዝቀዣው አየር መግቢያ፣ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለው፣ በአቧራ እንዳይደፈን ነው። ባትሪውን የሚመረምርና የሚጠግን ባለሙያ በሚደርሱበት ርቀት ከሌለ ግን ሂሳቡ ይለወጣል።

ደረጃ 9፦ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ይንዷቸው

ሞተሮቹን በተለያየ ቀን ከሞከሩ የሚያስታውሱት ስሜትዎን ነው። ተመሳሳይ መንገድ፣ ተመሳሳይ ሰው ብዛት፣ ኤሲው በርቶ።

ከመነሳትዎ በፊት እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ከሞቀ ቀድመው አስነስተውታል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ማየት እንደሚፈልጉ ነግረው በሌላ ሰዓት ይመለሱ። ያገለገለ ከሆነ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይምዘዙ። በናፍጣ ላይ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከተገኘ ሰው አብዝቶ ጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ ናፍጣ ተቀላቅሎበትም ሊሆን ይችላል። ያሽትቱት። በቤንዚን ቱርቦም ላይ እንዲሁ።

ከዜሮ እስከ መቶ የሚባለውን ይርሱት፤ በየቀኑ የሚያስፈልግዎ ደርቦ ለመቅደም የሚሆነው ነው። ባዶና አስተማማኝ መንገድ ላይ፣ የፍጥነት ገደቡን ሳያልፉ፣ ከ50 ወደ 80 ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ አብሮዎት ያለው ሰው በስልኩ ይያዝ። ቀጥሎ ዳገት ይፈልጉ። ማኑዋል ከሆነ በሦስተኛ ማርሽ በ40 ገብተው ፔዳሉን እስከ ግማሽ ይርገጡ። ያለ ቱርቦው ሁለተኛ ማርሽ ይለምናል፤ ቱርቦው ትንሽ አስቦ ይነሳል፤ ናፍጣው ዝም ብሎ ይወጣል። ሃይብሪዱን ረዥም ዳገት ላይ፣ ባትሪው በወረደበት ሰዓት ይፈትኑት። ሞተሩ ዙሩን ሰቅሎ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን እንደ ጩኸቱ አይጨምርም። የካምቢዮው አሠራር ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። በየቀኑ ቢሰሙት ይሰለችዎታል ወይ የሚለውን የሚመልሱት እርስዎ ብቻ ነዎት።

በመጨረሻ ዳገቱ ላይ ቆመው ይነሱ፤ ወደ ኋላም ዳገት ይውጡ። የድርብ ፍሪሲዮን ካምቢዮ ጠባይ እዚያ ይታያል።

ደረጃ 10፦ ከመክፈልዎ በፊት ኮዱን ያመሳክሩ

ከኋላ የተለጠፈ "ቱርቦ" ወይም "ሃይብሪድ" የሚል ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም፤ ለብቻው ተገዝቶ ይለጠፋል። ኮፈኑን ያስከፍቱና በሞተሩ ብሎክ ላይ የተቀረጸውን ኮድና ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለውን የአምራቹን ሰሌዳም እንዲሁ። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ በክፍል ሻጮች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለትን ሞተር ይናገራል። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው። የተቀየረበትን ምክንያትና የተመዘገበበትን ወረቀት እስኪያዩ ድረስ ገንዘቡን አይስጡ። ከተስማሙ ደግሞ በሽያጭ ውሉ ላይ "2.0" ወይም "1.6" ተብሎ ብቻ እንዳይታለፍ፤ የሞተሩ ኮድ፣ የካምቢዮው ዓይነትና የሞተሩ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ይጻፉ።